ሲታጠብ የማይለቅ አፈር፡- ድንችን ከመሬት በታች የሚያስቀረው በሽታ

ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ የተተከለ ድንች በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ መስመሩን ሞልቶ መታየት አለበት። አንዳንድ ማሳ ግን አይሞላም። እዚህ ሦስት አራት እግር በቅሎ ይታያል፤ ቀጥሎ አንድ ሜትር ባዶ ነው፤ ከዚያ ከሌሎቹ በሁለት ሳምንት የዘገየች አንዲት ቀጭን ቡቃያ ብቅ ትላለች። ባለማሳው ምክንያቱን ሲጠየቅ አንዱ ጃርት በላው ይላል፤ ሌላው ዘሩ አርጅቶ ነው፤ ሦስተኛው ዘንድሮ ዝናቡ በዝቶ አበሰበሰው ይላል። ሦስቱም እውነት የሚሆኑበት ጊዜ አለ። አራተኛ ምክንያት እንዳለ ግን ብዙም አይነገርም።

ለማወቅ ባዶውን ቦታ በእጅ ጫር ጫር አድርጎ የተቀበረውን ዘር ማውጣት ይበቃል። ጃርት ወይም ፍልፈል ከሆነ ዘሩ ራሱ የለም። ውኃ ያበሰበሰው ከሆነ ድንቹ ላሽቋል፤ ይሸታል። ዘሩ ጠንካራና ጤነኛ ሆኖ፣ ከዓይኑ የወጣው ጉንቁል ግን ጫፉ በእሳት እንደተለበለበ ቡናማ ሆኖ ደርቆ ከተገኘ፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ቀጭን ጉንቁል ለመውጣት ሲታገል ከታየ፣ ጥፋተኛው ጃርት አይደለም። በአፈር ውስጥና በዘሩ ልጣጭ ላይ የሚኖር ፈንገስ ነው።

ፈንገሱ በሳይንሳዊ ስሙ ራይዞክቶኒያ ሶላኒ ይባላል። ጁሊየስ ኩን የተባለ ጀርመናዊ የዕጽዋት በሽታ ተመራማሪ በድንች ላይ አግኝቶ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። የድንች ታሪክ ጸሐፊዎች ቪልሄልም ሺምፐር የተባለው ሌላ ጀርመናዊ ድንችን ወደ አገራችን አስገባ የሚሉትም በዚያው ዓመት ነው። አጋጣሚ ነው፤ ግን ሰብሉና በሽታው የቆየ ጉርብትና እንዳላቸው ያስታውሳል። ፈንገሱ ዛሬ ድንች በሚመረትባቸው የዓለም ክፍሎች ሁሉ ይገኛል።

ሁለት መልክ ያለው አንድ በሽታ

ይህን በሽታ ለመለየት አስቸጋሪ ያደረገው መልኩን የሚቀያይር መሆኑ ነው። በአንድ ወቅት ቡቃያ ገዳይ ሆኖ ይመጣል፤ በሌላ ወቅት ደግሞ በምርቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይቀመጣል። ሁለቱን እንደ አንድ በሽታ የሚያያቸው ሰው ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው መልክ ከላይ ያነሳነው ነው። ፈንገሱ ገና ከአፈር ያልወጣውን ለስላሳ ጉንቁል ያጠቃል። ጫፉን ካቃጠለው ጉንቁሉ ይሞታል፤ ዘሩ ሌላ ያወጣል፤ እሱም ይመታል። በመጨረሻ የወጣው ቡቃያ ደካማ ነው፤ ወንድሞቹን አይደርስባቸውም። ከሞት የተረፈው ግንድ ከአፈር በታች ባለው ክፍሉ ላይ ቡናማ፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ቁስል ይይዛል። ቁስሉ ግንዱን ዙሪያውን ከቀለበሰው ከቅጠል የሚወርደው ምግብ መንገድ ያጣል። ያኔ በሰብሉ አናት ላይ ቅጠሎቹ ወደ ላይ ይጠቀለላሉ፤ አንዳንዴም ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይሄዳሉ። ወደ ታች መውረድ ያቃተው ምግብ ባለበት ይከማችና በቅጠሉ ብብት ላይ፣ ከመሬት በላይ፣ አረንጓዴ ትንንሽ ድንቾች ያፈራል። ይህን ያዩ ገበሬዎች እንደ ጉድ ሲያወሩት ይሰማል። ጉድ አይደለም፤ ግንዱ ከታች መታነቁን የሚናገር ምልክት ነው።

ፈንገሱ ፍሬ የሚሸከሙትን የመሬት ውስጥ ክሮችም ይቆርጣል። በዚህ የተነሳ ሰብሉ ሲነቀል ከአንድ እግር ሥር ብዙ ደቃቅና ቅርጸ ቢስ ድንች ይወጣል፤ ከመካከላቸው አንድ ሁለቱ ደግሞ ከልክ ያለፈ ትልቅ ሊሆኑ ይችላሉ። እርጥበት በበዛበት ክረምት በግንዱ ግርጌ፣ አፈሩን በሚነካበት ቦታ፣ ኖራ የተቀባ የሚመስል ነጭ ሽፋን ይታያል። በጣት ሲታሽ ይለቃል፤ ከሥሩ ያለው ግንድ ጤነኛ ነው። ሽፋኑ በራሱ ጉዳት አያደርስም። ነገር ግን ይህን በሽታ ከሌሎች ለመለየት ከሚረዱ ጥሩ ምልክቶች አንዱ ነው።

ሁለተኛው መልክ በምርት ጊዜ የሚታየው ነው። በድንቹ ልጣጭ ላይ የተጣበቀ ጥቁር አፈር የሚመስል፣ ከነጥብ አንስቶ እስከ ሽምብራ ፍሬ የሚያህል ጥጥር ነገር ይታያል። ገዥውም ሻጩም አፈር ነው ብለው ያልፉታል። ድንቹን ውኃ ነክሮ በአውራ ጣት ማሸት እውነቱን ያወጣል። አፈር ከሆነ ይሄዳል። ፈንገሱ ከሆነ አይለቅም፤ እንዲያውም ሲረጥብ ጥቁረቱ ይጎላል። በጥፍር ሲፋቅ ግን ተፈንቅሎ ይነሳል፤ ከሥሩ ያለው ልጣጭ አልቆሰለም። እንደ በለጠና ጉዳኔ ያሉ ልጣጫቸው ነጣ ያሉ ዝርያዎች ላይ ለማየት ይቀላል።

ጥቁሩ ነገር ፈንገሱ ክፉ ቀንን የሚያሳልፍበት ስንቅና ምሽጉ ነው። በዚህ መልኩ ያለ ድንች በአፈር ውስጥ ዓመታትን ይቆያል። ድንቹን ለሚበላ ሰው የሚያመጣው ጉዳት የለም፤ ተልጦ ይበላል። ችግሩ ያው ድንች ዘር ሆኖ ሲተከል ነው። ያን ጊዜ ገበሬው በሽታውን ከነምሽጉ ከቡቃያው አጠገብ ቀበረው ማለት ነው።

አራጋቢዎቹ እኛው ነን

ፈንገሱ ከ18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች የሆነ፣ እርጥብ አፈር ይመቸዋል። ባንጃ፣ ሰከላ፣ ፋርጣ ወይም ላይ ጋይንት የሚኖር አንባቢ ይህ የራሱ የክረምት መሬት መግለጫ መሆኑን ያውቃል። የአየሩን ነገር መለወጥ አይቻልም። ሊለወጥ የሚችለው ሌላ ነው፤ ለበሽታው መንገድ የሚከፍቱ ሦስት ልማዶች አሉንና።

ዋነኛው የዘር አመራረጥ ነው። በብዙ ቤት ድንች ሲቆፈር ትልቁ ለገበያ፣ መካከለኛው ለቤት ይለያል፤ የተረፈው ደቃቅ ለዘር ይቀመጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ደቃቁን የሚገዛ የለም። በሌላ በኩልም የዕንቁላል መጠን ያለው ድንች ሳይቆረጥ ለመትከል የሚመከር መጠን ነው፤ ስለዚህ ትንሽነቱ በራሱ ነውር አይደለም። ጥያቄው ለምን ትንሽ ሆነ የሚለው ነው። ከጤነኛ እግር ሥር ትልልቁን አጅቦ የወጣ ትንሽ ድንች አለ። ከታመመ እግር ሥር፣ ክሩ ተቆርጦበት ማደግ ያቃተው ትንሽ ድንችም አለ። ክምር ውስጥ ከገቡ በኋላ ሁለቱን የሚለይ ዓይን የለም። የታመመው እግር ደግሞ ደቃቅ በብዛት ስለሚያፈራ፣ ከዘር ክምሩ ውስጥ ከድርሻው በላይ ይይዛል። በዚህ መንገድ ገበሬው ሳያውቀው በየዓመቱ ለበሽታው ሲመርጥለት ይኖራል። ዘሬ ከረመብኝ፣ ደከመብኝ የሚለው ሮሮ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ሁለተኛው የበሰለን ድንች በማሳ ማቆየት ነው። ዋጋ እስኪነሳ ድረስ ድንቹን ሳይቆፍሩ ከአፈር ውስጥ ማቆየት የተለመደ ነው፤ መጋዘን ለሌለው ሰው መሬቱ ራሱ ጎተራው ነው። ጥቁሩ ነገር በድንቹ ላይ በፍጥነት የሚበዛው ግን ልክ በዚህ ጊዜ፣ ቅጠሉ ከደረቀ ወይም ከታጨደ በኋላ ነው። ልጣጩ ሲጠነክር፣ ማለትም ቅጠሉ በደረቀ በሁለትና በሦስት ሳምንት የተቆፈረ ድንችና ከዚያ በኋላ ሁለት ወር በአፈር ውስጥ የከረመ ድንች ከአንድ ማሳ ቢወጡም አንድ ዓይነት ልጣጭ አይኖራቸውም። ለዋጋ ብሎ ማቆየትን ተው ማለት ከጓሮው ሌላ ማስቀመጫ ለሌለው ሰው ቀላል ምክር አይደለም። ለዘር የታሰበውን ክፍል ለይቶ ቀድሞ መቆፈር፣ ለገበያ የታሰበውን ማቆየት ግን የሚቻል ነገር ነው።

ሦስተኛው ድንች በድንች ላይ መደራረብ ነው። መስኖ በደረሰባቸው ቀበሌዎች ያው መሬት የክረምቱን ድንች ባስረከበ በጥቂት ወራት የመስኖውን ይቀበላል፤ ቀጥሎ የበልጉ ይመጣል። ለቤተሰቡ ገቢ ነው፤ ማንም አይጠላውም። ፈንገሱ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይመገባል። በማሳው ውስጥ ሳይለቀሙ ቀርተው በራሳቸው የሚበቅሉት ድንቾችም በሰብል መካከል የፈንገሱ ድልድይ ናቸው። ማሳው ገብስ የተዘራበት ቢሆን እንኳ በመካከሉ የበቀሉት ድንቾች ካልተነቀሉ መሬቱ ከድንች አረፈ አይባልም።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው? በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ለገበያ ከሚቀርበው ምርት እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ያመለክታሉ። ቁጥሩን ወደ አንድ ጥማድ እናምጣው። በመስመር መካከል 75፣ በዘር መካከል 30 ሴንቲ ሜትር በሚለው የተለመደ ርቀት አንድ ሄክታር ከ44 ሺህ በላይ እግር ይይዛል፤ ሩብ ሄክታር የሆነው ጥማድ ደግሞ 11 ሺህ ያህል። ከየአምስቱ አንዱ ካልበቀለ ከ2 ሺህ 200 የማያንስ እግር ጠፋ። ለሄክታር ከ18 እስከ 20 ኩንታል ዘር ያስፈልጋል ከተባለ በዚህች ጥማድ ብቻ ወደ አንድ ኩንታል የሚጠጋ ዘር አፈር ውስጥ ቀረ ማለት ነው። የዘር ድንችን ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ሒሳብ አይደለም፤ ገና ማዳበሪያውና ጉልበቱ ሳይነሳ።

በኬሚካል ከመሮጥ በፊት

ድንች ሲጠወልግ ወይም ቅጠሉ ሲያኮርፍ በየገጠሩ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ማንኮዜብ ወይም ሪዶሚል መርጨት። እነዚህ መድኃኒቶች በቅጠል ላይ ለሚመጣው፣ ደመናና ጉም ሲበዛ ማሳውን በሳምንት ውስጥ እንደተቀቀለ ጎመን ለሚያደርገው ምች ይሠራሉ። ከአፈር በታች ግንድ ለሚያንቀው ፈንገስ ግን በቅጠል ላይ የተረጨ ኬሚካል አይደርስም። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር ተረጭቶ ለውጥ ሲጠፋ መድኃኒቱ ተቀላቅሎ ነው፣ ተጭበርብረናል የሚባለው ከዚህ የተነሳ ይሆናል። መድኃኒቱ ተቀላቅሎ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ትክክለኛው ቢሆንም ግን አይሠራም ነበር።

የዝርያውም ነገር እንዲሁ ነው። የሆለታና የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከላት ካወጧቸው ዝርያዎች መካከል ብዙዎቹ በሽታን ይቋቋማሉ ተብለው ይታወቃሉ። አባባሉ በአብዛኛው የሚመለከተው ያንኑ ምችን ነው። እስካሁን ይህን የአፈር ፈንገስ ፈጽሞ የሚቋቋም የድንች ዝርያ የለም። አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብሎ ዘሩን ሳያዩ መትከል ስለዚህ ዋስትና አይሆንም።

ከሁሉም በላይ ሊምታታ የማይገባው የአጠውልግ በሽታ ነው። አጠውልግ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ ከዚህ ፈንገስ ይልቅ እጅግ የከፋ በሽታ ነው። መለያው ቀላልና ነፃ ነው። የጠወለገውን ግንድ ከግርጌው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቆርጦ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉ ውኃውን እንዲነካ አድርጎ ሳይነቀንቁ መያዝ ነው። አጠውልግ ከሆነ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ይወርዳል። የታመመው ድንች ለሁለት ሲቆረጥም ከልጣጩ ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት ይታያል፤ ሲጫኑት ዝልግልግ ነገር ይወጣል፤ በዓይኖቹም ላይ አፈር ተለጥፎ ይገኛል። ፈንገስ ከሆነ ወተቱ የለም፤ የድንቹ ሥጋም ንጹሕ ነው። ልዩነቱ ለምን ያሳስባል ቢባል አጠውልግ ከታየበት ማሳ ዘር ማስቀረት ጨርሶ አይገባም፤ ድንቹ ንጹሕ ቢመስልም እንኳ። የጥቁር ነጠብጣቡን ግን አይቶና ለቅሞ መቀነስ ይቻላል።

ቬርቲሲሊየም የሚባል ሌላ የአፈር ፈንገስም ያጠወልጋል። እሱ ብዙ ጊዜ የቅጠሉን ወይም የተክሉን አንድ ጎን ብቻ ያቢጫል። ግንዱ በአግድም ሲቆረጥ በውስጡ ቡናማ መስመር ይታያል፤ በብርጭቆው ውኃ ግን ወተት አይወርድም። በመጋዘን ውስጥ ድንቹን እንደ አሮጊት ፊት አጨማድዶ ውስጡን ባዶ የሚያደርገው ደረቅ ብስባሴ ደግሞ የፉሳሪየም ሥራ ነው፤ በቁፋሮ ጊዜ በዶማና በመቆፈሪያ በቆሰለ ድንች ይገባል። እንደ እከክ ሻካራ ሆኖ በልጣጩ ላይ የሚቀረው፣ በጥፍር የማይነሳው ሌላ ነው፤ ከጥቁሩ ነጠብጣብ ጋር አይምታታ።

ምን ይደረግ?

ወቅቱ የክረምቱ ድንች የሚቆፈርበት ስለሆነ ከቁፋሮው እንጀምር። ለዘር የታሰበው ክፍል ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ሳይጠበቅ ይታጨድ፤ ልጣጩ በጣት ሲታሽ የማይላጥ እስኪሆን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይታገሥና ይቆፈር። ሲቆፈር በየእግሩ ነው ማየት የሚያስፈልገው። ከአንድ እግር ሥር ብዙ ደቃቅ፣ ጠማማና ነጠብጣብ ያለበት ከወጣ የእግሩ ምርት በሙሉ ለምግብ ይለይ። ከዘር ክምር አይገባም። ሥራው ጊዜ ይወስዳል፤ ከአንድ ላይ ከተከመረ በኋላ ግን በምንም ጊዜ ሊሠራ አይችልም።

ለመጪው ወቅት የተሻለው ዘዴ ምርጫውን ቀድሞ መጀመር ነው። ማሳው ሊያብብ ሲል በመካከሉ ተዘዋውሮ ጠንካራ፣ ቅጠሉ ያልተጠቀለለና ጎረቤቶቹ ጤነኛ የሆኑ እግሮችን በቋሚ ስንጥር ምልክት ማድረግ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መፈተሽ፣ የታመመውን ስንጥሩን መንቀል፣ በመጨረሻ ስንጥር የቀረበትን ብቻ ለየብቻ ቆፍሮ ለዘር ማስቀመጥ። ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል በምሥራቅ አፍሪካ ሲያስተዋውቀው የቆየው ይህ ዘዴ የሚጠይቀው ስንጥርና ትዕግሥት ብቻ ነው። የተረጋገጠ ዘር በየቀበሌው በበቂ በማይገኝበት አገር ከዚህ የቀረበ መፍትሔ አይታይም።

ዘር ከገበያ ወይም ከጎረቤት የሚገዛ ሰው ባልዲ ውኃ ይዞ ቢሄድ አይሳቅበት። ከየጆንያው ከላይም ከመካከልም ከሥርም ሃያ ድንች አውጥቶ አጥቦ ማየት ይበቃዋል። ከሃያው በአንድ ሁለቱ ላይ ጥቂት ነጥብ ቢታይ ተለቅሞ ሊተከል ይችላል። ግማሹ ነጠብጣብ ከሆነ፣ ወይም በጥቂቱም ላይ ቢሆን ልጣጩን የሸፈነ ከሆነ፣ ያ ጆንያ ለድስት እንጂ ለማሳ አይደለም። ዋጋውን ስላረከሱለት ብሎ መግዛት አያዋጣም፤ በሽታው ከዘሩ ጋር መጥቶ ከአፈሩ ጋር ይቀራልና። ዘሩን በሙሉ አጥቦ ማስቀመጥ ግን አይመከርም፤ በእርጥበት ይበሰብሳል። የሚታጠበው ናሙናው ብቻ ነው።

አቀማመጡም ትርጉም አለው። በጨለማና በጆንያ የከረመ ዘር ነጭ፣ ረዥምና ሲነካ የሚሰበር ጉንቁል ያወጣል፤ ለፈንገሱ ይህ ምሳው ነው። ብርሃን በጎን እየገባ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው፣ በእንጨት መደርደሪያ በተሠራ የዘር መጋዘን ሁለት ሦስት ድንች ውፍረት ተደርድሮ የከረመ ዘር አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ጉንቁል ይይዛል። ይህ ዘር ሲተከል ፈጥኖ ይወጣል። ነገሩ ሁሉ የፍጥነት ነው። ፈንገሱ የሚበረታው ጉንቁሉ ከአፈር በታች በቆየ መጠን ነው፤ ብርሃን ካየና አረንጓዴ ከሆነ በኋላ ግንዱ ይጠነክርበታል።

በዚሁ ምክንያት ጥልቅ ተከላ ጉዳት አለው። ድንች ብዙ አፈር ይወዳል ከሚል ገና በመጀመሪያው ቀን አፈሩን የሚቆልሉ አሉ። አፈር መውደዱ እውነት ነው፤ ጊዜው ግን በኋላ ነው። ሲተከል በስሱ አፈር ማልበስ፣ ቡቃያው ወጥቶ ከበረታ በኋላ እየኮተኮቱ አፈር ማስታቀፍ ይሻላል። ውኃ የሚቋጥር ማሳ ላይ ደግሞ ተከላው ከፍ ባለ መደብ ላይ ይሁን፤ ማፋሰሻም ይውጣለት። ዶፍ ጥሎ መሬቱ በጨቀየበት ቀን ከመትከል ሁለት ሦስት ቀን መታገሥ አይጎዳም።

ያልበሰለ የከብት ፍግና ያልፈረሰ የሰብል ገለባ ተከላ አካባቢ መቅበር ፈንገሱን ያበረታል፤ እንዲህ ያለው ነገር የሚበላው ምግብ ነውና። ፍጉ ደኅና ሆኖ የበሰለ ኮምፖስት ከሆነ ግን መሬቱን የሚያጠናክር፣ ከፈንገሱም ጋር የሚሻሙ ጥቃቅን ሕያዋንን የሚያበዛ ነው።

መሬቱን ማሳረፍ፣ ማለትም ማፈራረቅ፣ በአነጋገር የቀለለ በአሠራር የከበደ ምክር ነው። ድንች የሚያጠቃው የፈንገሱ ዘር ዋና ምግቡ ድንችና ዘመዶቹ ስለሆኑ ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ በቆሎ ወይም እንግዶ ሲዘራ ይራባል። ሦስት ዓመት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሁለት ዓመትም ከምንም ይሻላል። ቲማቲም፣ ቃሪያና በርበሬ የድንች ዘመዶች ስለሆኑ እንደ ማፈራረቂያ አይቆጠሩም። በአሜሪካ ሜይን ግዛት የተካሄዱ ምርምሮች የጎመን ቤተሰብ የሆኑ ሰብሎችን በአረንጓዴነታቸው ወደ አፈር መገልበጥ ጥቁር ነጠብጣቡን እንደቀነሰ አሳይተዋል። የእኛው ጎመን ዘር የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። በደጋማ ማሳዎቻችን ላይ ይህን ፈትሾ ቁጥሩን ማቅረብ የምርምር ማዕከላቱ ሥራ ቢሆን መልካም ነው፤ ገበሬው ዘሩን ከቤቱ አያጣውም።

ግማሽ ሄክታር ብቻ ላለው ሰው ሦስት ዓመት ድንች አትትከል ማለት አይቻልም። መሬቱን በአራት ከፍሎ ድንቹን በየዓመቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ማዛወር ግን ይችላል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ዲከረንስ የሚተክሉ አርሶ አደሮች መሬቱን ለአምስት ዓመት ያህል ለዛፍ የሚሰጡበት ልማድ አላቸው። ለከሰል ተብሎ የተጀመረ ነው፤ ነገር ግን ከድንች አንጻር ካየነው ረዥም ዕረፍት ነው። ከዛፉ በኋላ ወደ ድንች ሲመለሱ ንጹሕ ዘር ይዞ መመለስ ነው የሚያስፈልገው፤ ያረፈ መሬት ላይ ነጠብጣብ ያለበት ዘር መትከል ዕረፍቱን በአንድ ቀን ማባከን ነው።

ኬሚካልስ ጨርሶ የለም ወይ? አለ። እንደ ፍሉዲዮክሶኒል ያሉ ዘሩን የሚለብሱ፣ እንደ አዞክሲስትሮቢን ያሉ ደግሞ በተከላ ጊዜ በቦዩ ውስጥ የሚሰጡ ፀረ ፈንገሶች በሌሎች አገሮች በሥራ ላይ ናቸው። ጥቅማቸው የሚታየው ከተከላ በፊት ወይም በተከላ ጊዜ ነው፤ ሰብሉ ከበቀለ በኋላ አይደለም። በአገራችን ለድንች የተመዘገበ መሆኑን፣ መጠኑንና አጠቃቀሙን ከወረዳው የዕጽዋት ጥበቃ ባለሙያ ሳያረጋግጡ መግዛት አያስፈልግም። በኬሚካል የታሸ ዘር ለሰውም ለከብትም ምግብ እንደማይሆን ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ። ዘር ተርፎ ወደ ድስት የሚገባበት ቤት ብዙ ነውና።

ከማሳ የተወገዱ ድንቾችን በቦይና በወንዝ ዳር መጣልም መቆም አለበት። የክረምት ጎርፍ የአንዱን ማሳ በሽታ ለታችኛው ጎረቤት ያደርሳል። ከታመመ ማሳ የመጣ ዶማና ማረሻ አፈሩ ተራግፎ ይታጠብ፤ ዘር የተመላለሰበት ጆንያም ሳይታጠብ ደግሞ ለዘር አይዋል።

ስለ በሽታው የተጠራጠረ አርሶ አደር ለልማት ሠራተኛው ወይም ለዕጽዋት ጤና ክሊኒክ የሚያሳየው ናሙና የተቆረጠ ቅጠል ብቻ ከሆነ ማንም ሊረዳው አይችልም። ሙሉውን እግር ከሥሩ፣ ከነፍሬውና ከጥቂት አፈር ጋር በጥንቃቄ ይቆፈር፤ ሁለት የታመሙና ለማነጻጸሪያ አንድ ጤነኛ። በጋዜጣ ወይም በወረቀት ከረጢት ይጠቅለል፤ በላስቲክ ከታሰረ በመንገድ ላይ ይላሽቃል። ማሳው ባለፉት ሦስት ዓመታት ምን እንደተዘራበት፣ ዘሩ ከየት እንደመጣና ምን እንደተረጨ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ጽፎ ማያያዝ ለባለሙያው ግማሽ መልስ ነው። ለመስኖ ድንች ዘር የሚገዙ ይህን ሁሉ ለመጨረስ እስከ ኅዳር ጊዜ አላቸው።